የወፍ ምልከታና ቆጠራ፦ ከቆሼ እስከ ገፈርሳ

ወፍ ለመመልከት የት እንሂድ? ይህ ጥያቄ ለተማሪዎች ሲቀርብ አብዛኞቹ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን፣ የባሌን ወይም የሰሜን ተራሮችን ይጠቅሳሉ። መልሱ ትክክል ነው። ኢትዮጵያ ከ860 የሚበልጡ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት አገር ስትሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ከአሥራ አምስት የማያንሱት ከድንበሯ ውጭ በየትም አይገኙም። ይሁን እንጂ የአንድ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ባሌ የሚጓዝበት ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ሳይንስ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ጉብኝት ይልቅ በአቅራቢያ ባለ ሥፍራ በየወሩ ከሚደጋገም ምልከታ የበለጠ ይማራል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመርጠው ሥፍራ ብዙዎች አፍንጫቸውን ይዘው የሚያልፉት ነው። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የረጲ ቆሻሻ መጣያ፣ በሕዝብ አጠራር «ቆሼ»፣ ለወፍ ተመልካች ክፍት የመማሪያ ክፍል ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ቆሼ በወፎች ዓይን ምን እንደሚመስል፣ ቀጥሎም በሰማዩ ላይ የሚታዩት ወፎች እንዴት እንደሚለዩ፣ ምን ሥራ እንደሚሠሩና ምን አደጋ እንደተጋረጠባቸው እንመለከታለን። በመጨረሻም ከቆሼ ተነሥቶ እስከ ገፈርሳና አባ ሳሙኤል ድረስ አንድ የተማሪዎች ክበብ ሊከተለው የሚችለውን የአቆጣጠር ዘዴ እናቀርባለን።

የወፍ ምልከታ በአገራችን

የወፍ ምልከታ ማለት ወፎችን በተፈጥሯዊ መኖሪያቸው ሳይረብሹ መመልከት፣ ዝርያቸውን መለየት፣ ቁጥራቸውንና ጠባያቸውን መመዝገብ ነው። ከተራ መዝናኛ የሚለየው በመጨረሻው ቃል፣ ማለትም በመመዝገብ ነው። ያልተመዘገበ ምልከታ ከተመልካቹ ትዝታ ጋር ይጠፋል፤ የተመዘገበ ግን ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣ ተማሪ መረጃ ይሆናል።

በአገራችን ይህ ዓይነቱ ሥራ ከዩኒቨርሲቲ ጋር የቆየ ግንኙነት አለው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋር ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት ታትሟል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1966 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ተቋቁሟል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ጥበቃ ልዩ ጠቀሜታ ያላቸውን 69 ሥፍራዎች ለይቶ በመጽሐፍ አውጥቷል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት የገፈርሳ ግድብ፣ የሱሉልታ ሜዳ፣ የመናገሻ ሱባ ደንና የአቃቂ አባ ሳሙኤል ረግረግ በዚሁ ዝርዝር ውስጥ የተካተቱ ናቸው። ቆሼ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይገባውም፤ ምክንያቱም ሥፍራው የሰው ቆሻሻ የፈጠረው እንጂ ሊጠበቅ የሚገባው የተፈጥሮ መኖሪያ አይደለም። ሆኖም ከዝርዝር ውጭ መሆኑ ወፎቹን ከማየትና ከመቁጠር ሊያግደን አይችልም።

ቆሼ በወፎች ዓይን

ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ደረቅ ቆሻሻ ሲከመርበት የኖረ፣ ከ30 ሔክታር በላይ ስፋት ያለው ሥፍራ ነው። መጀመሪያ ላይ ከከተማው ውጭ የነበረ ቢሆንም ከተማው እየሰፋ መጥቶ ከበበው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከሥሩ በነበሩ መኖሪያ ቤቶች ላይ በመውደቁ ከ110 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ በአገር አቀፍ ደረጃም የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነበር። ስለ ቆሼ የሚጻፍ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ስለ ወፎችም ቢሆን፣ ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ አይገባውም።

ከአደጋው በፊት በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻውን ወደ ሰንዳፋ ለማዛወር ተሞክሮ፣ በአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃውሞ ምክንያት በጥቂት ወራት ውስጥ ተቋርጧል። ከአደጋው በኋላም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ከቆሼ አጠገብ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው የረጲ ፋብሪካ ተመርቋል። እነዚህ ሁሉ የሰው ውሳኔዎች ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዱ ውሳኔ በሰማይ ላይ ለሚዞሩት ወፎች የምግብ ጉዳይ ነው።

በሥነ ምህዳር ትምህርት አንድ እንስሳ በአንድ ሥፍራ የሚበዛው በዋነኛነት ምግብ፣ መጠለያና ደኅንነት ሲያገኝ እንደሆነ ተምረናል። በተፈጥሮ ሁኔታ የሞተ እንስሳ የሚገኝበት ቦታና ጊዜ አይታወቅም፤ ጥንብ የሚበሉ ወፎችም ምግባቸውን ለማግኘት በአንድ ቀን ብዙ ኪሎ ሜትሮችን ያስሳሉ። የቆሻሻ መጣያ ግን ይህን ሕግ ይለውጠዋል። ምግቡ በየቀኑ በአንድ ቦታ ይራገፋል። የሥጋ ቤት ትራፊ፣ አጥንት፣ የምግብ ቤት ፍርፋሪ፣ በፍርፋሪው ላይ የሚራቡት ትሎችና ዝንቦች፣ እነዚህን የሚከተሉ አይጦች ሁሉ በአንድ ላይ ይገኛሉ። ስለዚህ ሥጋ በል፣ ጥንብ በልና ነፍሳት በል የሆኑ ወፎች በአንድ ሥፍራ ይሰበሰባሉ። አንድ ተማሪ በመማሪያ መጽሐፍ ላይ በቀስት የተሣለውን የምግብ ሰንሰለት በሕይወት ሊያየው የሚችለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ አይደለም። በስፔንና በፖርቱጋል ቀድሞ ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ አፍሪካ ይሰደዱ ከነበሩት ነጫጭ ሽመላዎች ብዙዎቹ በቆሻሻ መጣያዎች ምግብ ማግኘት በመጀመራቸው ጉዞውን ትተው በዚያው መቅረት ጀምረዋል። ቆሻሻ የወፎችን የዘመናት የጉዞ ልማድ እስከ መቀየር ይደርሳል ማለት ነው።

«አሞራ» ስንል የትኛውን ማለታችን ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግር ከፍ ብሎ የሚያንዣብበውን ትልቅ ወፍ ሁሉ «አሞራ» እንለዋለን። ወፍ ተመልካች ግን ይህን አንድ ስም ወደ ብዙ ዝርያዎች መበተን ይኖርበታል። በቆሼና በአካባቢው ሰማይ ላይ ሊፈለጉ የሚገባቸው ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ባለ ቆብ ጥንብ አንሳ። ከጥንብ አንሳዎች መካከል አነስተኛው ሲሆን ጥቁር ቡናማ ላባ፣ ቀጭን መንቁርና ላባ የሌለው ሐምራዊ ፊት አለው። ከማጅራቱ እስከ አናቱ የሚሸፍነው ለስላሳ ላባ ቆብ የደፋ ያስመስለዋል። ሲቆጣ ወይም ሲሻማ ፊቱ ይቀላል። ከሰው መኖሪያ ጋር ተላምዶ በከተማ የሚኖር ሲሆን ጎጆውን በረጃጅም ዛፎች ላይ ይሠራል።

ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳና የሩፔል ጥንብ አንሳ። ሁለቱም ትላልቆች፣ ረጅም አንገት ያላቸውና በመንጋ የሚመገቡ ናቸው። የመጀመሪያው በሚበርበት ጊዜ በጀርባው ታችኛ ክፍል ላይ ያለው ነጭ ላባ በግልጽ ይታያል፤ ጎጆውንም በዛፍ ላይ ይሠራል። ሁለተኛው የላባው ጫፎች ነጣ ያሉ በመሆናቸው በቅርፊት የተሸፈነ ይመስላል፤ ጎጆውን በገደል ላይ ይሠራል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ በኢትዮጵያ ከተዘዋወረው ጀርመናዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በኮትዲቯር ሰማይ ላይ አንድ የሩፔል ጥንብ አንሳ 11,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨ ሲሆን፣ ይህ ለወፍ በረራ ከተመዘገበው ከፍታ ሁሉ የላቀ ነው።

ጭልፊት። ጅራቱ መሃሉ ላይ የተሰነጠቀ በመሆኑና በሚበርበት ጊዜ ጅራቱን እንደ መቅዘፊያ ወዲያና ወዲህ በማዞሩ በቀላሉ ይለያል። ሥጋ ከእጅ የሚነጥቀው ይህ ወፍ ነው። ተማሪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያስተውሉ ይገባል፤ በእኛ አካባቢ የሚራባው አዋቂ ጭልፊት መንቁሩ ቢጫ ሲሆን፣ በመኸርና በበጋ ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ዘመዱ ግን መንቁሩ ጥቁር ነው። ይህን ልዩነት ማየት የቻለ ተመልካች የስደትን ትምህርት በአንድ መንጋ ውስጥ አገኘ ማለት ነው።

አባ ኮዳ። ከአንገቱ ሥር በተንጠለጠለው ከረጢት ምክንያት ይህን ስም ያገኘ፣ ሲቆም 1.5 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ግዙፍ ወፍ ነው። ራሱ መላጣ በመሆኑና ጥንብ በመብላቱ ከጥንብ አንሳ ጋር ቢመሳሰልም ዝምድናው ከሽመላ ጋር ነው። ዝምድና የሌላቸው እንስሳት ተመሳሳይ ኑሮ በመኖራቸው ተመሳሳይ ቅርጽ የሚይዙበትን ሂደት ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጥንብ ውስጥ የሚገባ ራስ ላባ ቢኖረው ደምና ቆሻሻ ይይዝ ነበር። የአባ ኮዳ እግሮች ነጭ መስለው የሚታዩትም ሙቀትን ለመቀነስ በራሱ እግር ላይ ኩሱን ስለሚጥል ነው።

ወፍራም መንቁር ቁራ። ከዓለማችን ትላልቅ ቁራዎች አንዱ የሆነው ይህ ወፍ በአፍሪካ ቀንድ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚኖር ነው። በማጅራቱ ላይ ባለው ነጭ ምልክትና እጅግ ወፍራም በሆነው መንቁሩ ይታወቃል።

ከእነዚህ በተጨማሪ ከከብት ኋላ እየተከተለች ነፍሳትን የምትለቅመው ነጭ ሳቢሳና በጩኸቱ የሚታወቀው ጋጋኖ በመስኮችና በቆሻሻ አካባቢ ይታያሉ። ከጥቅምት ጀምሮም ከሩሲያና ከካዛኪስታን ሜዳዎች የሚመጣው የስቴፕ ንስር ከጥንብ አንሳዎች መሃል ተቀላቅሎ ሊገኝ ስለሚችል በጥንቃቄ መፈለግ ይገባል።

ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች

የጥንብ አንሳ ስም በቋንቋችን ውስጥ ክብር ያለው አይደለም። ሥራው ግን ለሰው ጤና ከሚከፈልበት ሥራ አያንስም። የጥንብ አንሳ የጨጓራ አሲድ እጅግ ጠንካራ ሲሆን የፒኤች መጠኑ እስከ 1 ሊጠጋ ይችላል። በዚህ ምክንያት በበሰበሰ ሥጋ ውስጥ የሚገኙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ በጨጓራው ውስጥ ይሞታሉ። ውሻና አይጥ ተመሳሳዩን ጥንብ ቢበሉ ግን በሽታውን ወደ ሰው ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ የሕንድ ታሪክ ያስረዳል። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ እስያ የነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳ ዘመድ የሆነው ዝርያ ቁጥር በአሥራ አምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ የሆነው ጥናት መንስኤው ለከብቶች ሕክምና ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት መሆኑን አሳየ። መድኃኒቱ ተሰጥቶት የሞተን ከብት የበሉ ጥንብ አንሳዎች ኩላሊታቸው እየተበላሸ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ፣ ኔፓልና ፓኪስታን መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይውል ቢከለክሉም የባለቤት አልባ ውሾች መብዛትና ከእነርሱ ጋር የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት በአገሪቱ ላይ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል።

በአፍሪካም ሁኔታው አሳሳቢ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለ ቆቡን፣ ነጭ ጀርባውንና የሩፔልን ጥንብ አንሳ እጅግ አሳሳቢ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዝርያዎች ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ከዚህ ምድብ ቀጥሎ ያለው ከዱር ፈጽሞ መጥፋት ነው። ዋናዎቹ ምክንያቶች ለጅብ፣ ለቀበሮ ወይም ለውሻ ተብሎ በሥጋ ላይ የሚነሰነስ መርዝ፣ የኤሌክትሪክ መስመር አደጋ፣ የጎጆ ዛፎች መቆረጥና ለባህላዊ መድኃኒት መታደን ናቸው። ጥንብ አንሳዎች ለመራባት ዓመታት የሚፈጅባቸውና ብዙውን ጊዜ በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ የሚጥሉ በመሆናቸው የጠፋውን ቁጥር በፍጥነት መተካት አይችሉም። አንድ የተመረዘ ሬሳ በአንድ ቀን የሚገድላቸውን ለመተካት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በስድስት ቄራዎች የተካሄደ ጥናት የሩፔልና የነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳዎች መታየት በእጅጉ መቀነሱን፣ የውሾች ደግሞ ከእጥፍ በላይ መጨመሩን አሳይቷል። ይህ የሕንዱ ታሪክ በእኛም ደጃፍ ሊደገም እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት ነው። ጥናቱ ሊካሄድ የቻለው ተመራማሪዎቹ በተመሳሳይ ሥፍራ ዓመት ከዓመት ስለቆጠሩ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

እዚህ ላይ ሌላውን ወገንም ማየት ያስፈልጋል። ትላልቅ ወፎች የሚሰበሰቡበት ቆሻሻ መጣያ ለአውሮፕላን በረራ አደገኛ በመሆኑ የአቪዬሽን ባለሙያዎች ከአውሮፕላን ማረፊያ እንዲርቅ ይመክራሉ። ወፎች ምን ያህል አደጋ ሊያደርሱ እንደሚችሉ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ሁለቱም ሞተሮቹ የርግብ መንጋ በመሳባቸው ኃይል አጥቶ ሊያርፍ ሲሞክር ተከስክሶ፣ ከ104 ተሳፋሪዎችና የበረራ ሠራተኞች መካከል 35 ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ «ወፎች ስለሚመገቡበት ቆሻሻው ተከፍቶ ይኑር» የሚል ሳይንሳዊ ክርክር የለም። ትክክለኛው ጥያቄ፣ ቆሻሻው በዘመናዊ መንገድ ሲወገድ ለወፎቹ የሚተርፈው ምንድን ነው የሚለው ነው። ለዚህ መልስ መስጠት የሚቻለው ከለውጡ በፊትና በኋላ የተደረገ ቆጠራ ካለ ብቻ ነው።

ቆጠራው እንዴት ይካሄዳል?

አንድ የተማሪዎች ክበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። አንድ ወይም ሁለት ባይኖኩላር፣ ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስ፣ ሰዓትና የወፎች መለያ መጽሐፍ ይበቃል። መለማመጃ ለሚፈልጉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ የሚገኘው የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ደርቀው የተቀመጡ የአገራችን ወፎችን ከቅርብ ለማየት ይረዳል። ሂደቱ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊይዝ ይችላል።

1ኛ. ቋሚ የመመልከቻ ነጥብ መምረጥ። ነጥቡ ከክምሩ ውጭ፣ ሕዝብ በሚተላለፍበትና ሰማዩን በሰፊው በሚያሳይ ቦታ ላይ ይሁን። በየጊዜው ከዚያው ነጥብ ላይ መቆጠር አለበት።

2ኛ. ሰዓቱን መወሰን። ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የሚንሳፈፉት ፀሐይ ያሞቀችው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ነው። በመሆኑም ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ደመናማ ቀን ከፀሐያማ ቀን ጋር ሊነጻጸር ስለማይገባ የአየሩ ሁኔታ መመዝገብ አለበት።

3ኛ. በየ15 ደቂቃው አንድ ጊዜ መቁጠር። ሰማዩንና መሬቱን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ በመቃኘት የእያንዳንዱን ዝርያ ቁጥር እንጽፋለን። መንጋው ትልቅ ከሆነ መጀመሪያ አሥር ወፎችን ቆጥረን የያዙትን ስፋት በዓይናችን እንለካለን፤ ከዚያም ያ ስፋት በመንጋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚገኝ እንገምታለን።

4ኛ. ከፍተኛውን ቁጥር መውሰድ። ለምሳሌ በአምስት ቅኝቶች 34፣ 41፣ 52፣ 47 እና 38 ጭልፊቶች ቆጠርን እንበል። የእነዚህ ድምር 212 ነው፤ ነገር ግን 212 ጭልፊት አየን ማለት አንችልም፤ ምክንያቱም ያው ወፍ በየቅኝቱ ተደጋግሞ ተቆጥሯል። ልንጽፍ የሚገባን በአንድ ጊዜ የታየውን ከፍተኛ ቁጥር፣ ማለትም 52ን ነው። «በሥፍራው ቢያንስ 52 ነበሩ» የሚለው አረፍተ ነገር ትሑት ቢሆንም እውነት ነው።

5ኛ. ዜሮን መጻፍ። አንድ ዝርያ ተፈልጎ ካልታየ «0» ብሎ መመዝገብ ያስፈልጋል። ባዶ ቦታ መተው «አልፈለግንም» ማለት ሲሆን ዜሮ ግን «ፈልገን አጣን» ማለት ነው። የአንድ ዝርያ መጥፋት በሳይንስ ታሪክ ውስጥ የሚታወቀው በእነዚህ ዜሮዎች ነው።

ለጎጆዎች ቆጠራ ደግሞ ሌላ ቀላል ዘዴ አለ። ሁለት ቡድኖች አንዱ የሌላውን ሳያይ በአንድ ሰፈር ረጃጅም ዛፎች ላይ ያሉትን የጥንብ አንሳ ጎጆዎች በካርታ ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የመጀመሪያው ቡድን 20፣ ሁለተኛው 18 ጎጆዎች ቢያገኙና ከእነዚህ 15ቱ በሁለቱም የተገኙ ቢሆኑ፣ የጎጆዎቹ ጠቅላላ ግምት 20 ሲባዛ በ18፣ ሲካፈል ለ15 ይሆናል። ውጤቱ 24 ነው። በዓይን የታዩት በድምሩ 23 ሲሆኑ ስሌቱ ሁለቱም ያላዩት አንድ ያህል ጎጆ እንዳለ ይጠቁመናል። ዘዴው እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ሠርቶ እንደሆነና ጎጆዎቹ ሁሉ የመታየት ዕድላቸው ተቀራራቢ እንደሆነ የሚያስብ በመሆኑ፣ ቡድኖቹ ተነጋግረው ከቆጠሩ ስሌቱ ዋጋ ያጣል።

ቆጠራው በጥቅምት፣ በጥር፣ በሚያዝያና በሐምሌ ቢደረግ የበጋ እንግዶችን መምጣትና መሄድ ያሳያል። ከዚህ በተጨማሪ ለአገራችን ተማሪዎች ልዩ የሆነ የምርምር ዕድል አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ የሥጋ ፍጆታ በእጅጉ ይቀንሳል። በመቐለ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ግደይ ይርጋና የሥራ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በትግራይ ጅቦች በጾሙ ወቅት የሥጋ ትራፊ ሲያጡ አህያ ወደ ማደን እንደሚያዘነብሉ አሳይተዋል። ታዲያ የጥንብ አንሳዎችና የጭልፊቶች ቁጥር ከጾሙ በፊት፣ በጾሙ ጊዜና ከፋሲካ በኋላ ይለያይ ይሆን? አንድ ክበብ በጥቂት ወራት ውስጥ ሊፈትነው የሚችለው ጥሩ ጥያቄ ነው።

ከቆሼ ወደ ገፈርሳና አባ ሳሙኤል

የቆሼን ቆጠራ ትርጉም የሚሰጠው ከሌሎች ሥፍራዎች ጋር ማነጻጸሩ ነው። ለዚህም ምዕራብ አዲስ አበባ የተመቸ ነው።

በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፎ፣ ከመሃል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የገፈርሳ ግድብ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ነው። በዳርቻው ባለው ሣር ላይ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ብቻ የሚኖረው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ ይገኛል። ራሱን ወደ ኋላ አስደግፎ ሲራመድ ለሚያየው መለየቱ አያስቸግርም። ጋጋኖም በመንጋ ይታያል፤ በበጋም ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች በውኃው ላይ ያርፋሉ። ግድቡ የመጠጥ ውኃ ምንጭ በመሆኑ ወደ ውስጥ ለመግባት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከዚያ አልፎ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን በትውፊት በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን እንደተተከለ የሚነገርለት የጽድ ደን ነው። በዚያ ግንደ ቆርቁርን፣ ነጭ ጉንጭ ቱራኮንና ክንፏ ጥቁር የሆነችውን ትንሽ በቀቀን መፈለግ ይቻላል። በከተማው ሰሜናዊ ጫፍ ለሚኖሩ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የደን ወፎችን ለመለማመድ ቅርብ ነው።

በደቡብ በኩል የአቃቂ ወንዞች ተሰብስበው የሚገቡበት አባ ሳሙኤል አለ። ትንሹ አቃቂ ምዕራብ አዲስ አበባን አቋርጦ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደዚህ ይደርሳል። ስለዚህ ገፈርሳ፣ ቆሼና አባ ሳሙኤል በካርታ ላይ የተራራቁ ቢመስሉም የአንድ ከተማ ንጹሕ ውኃ፣ ደረቅ ቆሻሻና ፍሳሽ የሚታዩባቸው ሦስት ነጥቦች ናቸው። በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የሚካሄደው የውኃ ወፎች ቆጠራ ክበባት በገፈርሳና በአባ ሳሙኤል ልምድ የሚያገኙበት ጥሩ አጋጣሚ ነው። በመስከረም ወር እ.ኤ.አ. አቆጣጠር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ የሚከበረው ዓለም አቀፍ የጥንብ አንሳዎች ቀን ደግሞ ለቆሼ ቆጠራ የተመቸ ነው።

የተሰበሰበው መዝገብ በክበቡ ሣጥን ውስጥ መቅረት የለበትም። ቅጂው ለዩኒቨርሲቲው የባዮሎጂ ትምህርት ክፍልና ለተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ቢደርስ፣ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሚተዳደረው ኢበርድ በተባለው የመረጃ ቋትም ቢመዘገብ ለሌሎች ተመራማሪዎች ይጠቅማል።

ጥንቃቄና ሥነ ምግባር

ቆሼ የሰዎች የሥራ ቦታ ነው። ለዓመታት ብዙ ቤተሰቦች ከዚህ ክምር ፕላስቲክ፣ ብረትና ጠርሙስ ለቅመው በመሸጥ ኖረዋል። በአቅራቢያው የሚኖሩ ሰዎች ደግሞ በ2009ኙ አደጋ ዘመዶቻቸውን ቀብረዋል። ስለሆነም ወደ አካባቢው የሚሄድ ክበብ ቀበሌውን ወይም ወረዳውን አስቀድሞ ማነጋገር፣ ለነዋሪዎች ራሱን ማስተዋወቅና ያለ ፈቃዳቸው ሰዎችን ፎቶግራፍ ከማንሣት መቆጠብ አለበት። በወፎቹ ላይ ያነጣጠረ ባይኖኩላር በሰው ላይ እንዳነጣጠረ ሊታይ እንደሚችልም መርሳት አይገባም። አብዛኛውን ጊዜ ወፎቹን ከማንም በላይ የሚያውቋቸው በዚያ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው፤ የትኛው ወፍ በየትኛው ወር እንደሚበዛ ብንጠይቃቸው ከመጽሐፍ የማይገኝ መልስ ልናገኝ እንችላለን።

ወደ ክምሩ መውጣት ፈጽሞ አይፈቀድ። ክምሩ ሊንሸራተት፣ በውስጡም የሚቀጣጠል ጋዝ ሊኖር ይችላል፤ ስለታም ነገሮችና የሕክምና ቆሻሻም ሊገኙበት ይችላሉ። የሞተ ወፍ ቢገኝ በባዶ እጅ አይነካ። ብዙ ጥንብ አንሳዎች በአንድ ቦታ ሞተው ከታዩ መርዝ ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪሞች ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

ስለ ባሌ ተራሮች ወፎች ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። በቆሻሻ መጣያ ላይ ስለሚዞሩት ወፎች ግን የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው፤ ጥንብ አንሳዎቹ ግን እየጠፉ ያሉት ከዓይናችን ሥር ነው። አዲስ አበባ ቆሻሻዋን በንጽሕና የምታስወግድበት ቀን ቢመጣ ለሁሉም ነዋሪ፣ ይልቁንም ለቆሼ ጎረቤቶች ታላቅ ቀን ይሆናል። በዚያን ቀን ጥንብ አንሳዎቹ ወደ ቄራዎች ይሄዱ፣ ወደ ገጠር ይበተኑ ወይስ ይጠፉ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ከተፈለገ፣ ዛሬ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ለዚህም አንድ እርሳስ፣ አንድ ደብተርና በየወሩ የማይቋረጥ አንድ ቅዳሜ ይበቃል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አባ ኮዳና ጥንብ አንሳ ዝምድና ሳይኖራቸው የሚመሳሰሉባቸውን ሦስት ገጽታዎች ጥቀሱ፤ ምክንያቱንም አስረዱ።

2. የመጀመሪያው ቡድን 24፣ ሁለተኛው 20 ጎጆዎች አግኝተው በሁለቱም የተገኙት 16 ቢሆኑ፣ የጎጆዎቹ ጠቅላላ ግምት ስንት ይሆናል? ሁለቱም ቡድኖች ያላዩት ስንት ያህል ነው?

3. የጾም ወቅት በጥንብ አንሳዎች ቁጥር ላይ ያለውን ተጽዕኖ ለማጥናት ብትፈልጉ፣ ከጾሙ ውጭ የትኞቹን ሁኔታዎች ሳይለወጡ መያዝ ይኖርባችኋል?

4. በሰፈራችሁ ጥንብ አንሳዎች ቢጠፉ የሞቱ እንስሳትን የሚያነሣው ማን ይሆናል? ወጪውንስ የሚሸፍነው ማን ነው?